የሠላሳ ስምንት ቀን ቀለብ

ሻለቃ ወንድሜነህ ሲደውሉ «ሃሎ» አይሉም። «የት ነህ?» ነው የሚሉት፤ ከምሽግ ሾልኬ የጠፋሁ ይመስል። የት እንደምሆን እኮ አሳምረው ያውቃሉ። ከሐሙስና ከእሁድ በቀር አሌክሳንድሪያ ነኝ፤ ዱክ ስትሪት ዳር ካለ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ፣ አንዲት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ። መኪና ይገባል፣ መኪና ይወጣል። ሺፍቴ ሲያልቅ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ ብዬ ጽፌ ለተረኛው አስረክባለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጥር ተዛንፎብኝ አያውቅም። ሰው «አይሰለችህም ወይ?» ይለኛል። ምኑ ይሰለቸኛል? መሰልቸትም ስሜት ነው፤ እሱም አቅም ይጠይቃል።

እሁድ እሁድ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ እወጣለሁ። በቢጫው ባቡር ሄጄ፣ መሀል ከተማ ላይ ወደ ቀዩ ቀይሬ፣ ከጣቢያው እስከ ሻለቃ አፓርትመንት በእግሬ። እዚያ ሳሎን ውስጥ የብርጌዳችንን ታሪክ መጻፍ ከጀመርን ሁለት ዓመት አልፎናል። ሻለቃ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው ወገባቸው አልታዘዝ ሲላቸው ያቆሙ ሰው ናቸው፤ ስለ ብርጌዱ ሲያወሩ ግን ያ ወገብ ቀጥ ይላል። «አንዳንድ ትንሽ አገር ጠቅላላ የምድር ጦሯ ተሰብስቦ የኛን ብርጌድ አያክልም እኮ» ይላሉ። ይሁን። የቱ አገር እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ሦስት ነን። ሻለቃ ሰብሳቢ፣ ድሮ የብርጌዱ ሬዲዮ ኦፕሬተር የነበረው ይስሐቅ ኮምፒውተር ላይ ጸሐፊ፣ እኔ ደግሞ መዝገቡ። አዎ፣ መዝገቡ እኔ ነኝ፤ ወረቀቱማ የት ደርሶ። ያን ጊዜ ሻለቃ ገና ሻምበል ነበሩ፤ መቶ አሥራ አራት ሰው ያለበት ሻምበል ጦር ያዝዛሉ። እኔ የዚያ ጦር ጸሐፊ ነበርኩ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ጽሕፈቱ ስላማረ ብቻ ከጠመንጃ ሌላ ደብተር ያሸከሙት። ጠዋት ጠዋት ስም እጠራለሁ፤ የተጠራው «አቤት» ይላል፤ ቆጥሬ «ሙሉ ነው» ወይም «ይህን ያህል ጎድሏል» ብዬ ሪፖርት እጽፋለሁ፤ ቀለብ የሚታደለው በዚያ ሪፖርት ነው። መቶ አሥራ አራቱን ስም ከነአባቱ፣ ከነተራ ቁጥሩ ዛሬም ልጠራላችሁ እችላለሁ። የእናቴን ፊት እረሳለሁ፤ እሱን አልረሳም።

ስለ አደረጃጀት የሚያወራውን ምዕራፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥር ሰው አንድ ጓድ፣ ሦስት ጓድ አንድ የመቶ፣ ሦስት የመቶ አንድ ሻምበል ጦር፤ የከባድ መሣሪያውና የማዘዣው ሰው ሲጨመር መቶ አሥራ አራት። ከዚያ ሻለቃ ጦር፣ ከዚያ ብርጌድ። ስጽፈው ደስ አለኝ ማለት አልችልም፤ ግን ዕረፍት ነበረው። አደረጃጀት ላይ ማንም አይሞትም፣ ማንም አይርበውም። ወረቀት ላይ ጦር ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ የተሰዉት ስም ዝርዝር ነው። የኛ ሻምበል ጦር ጋ ስንደርስ አሥራ ዘጠኝ ስም ጽፌ አቀረብኩ። ሻለቃ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና አሥራ ዘጠኙንም በእርሳስ ሰረዙ።

«እነዚህ በመዝገብ ሰኔ ሁለት ቀን የከዱ ናቸው» አሉ።

ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። ይስሐቅ ብርጌድ ማዘዣ ስለነበረ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ደንግጦ «አሥራ ዘጠኝ ሰው? በአንድ ሌሊት?» አለ። ሻለቃ «ጊዜው ነበር» ብለው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ። እኔም አለፍኩ። ሆድ ይፍጀው ማለት ለምዶብኛል፤ ሆዴም እስካሁን አንዳች አልሆነም።

ከዚያ ሻለቃ በአበሻ ሬዲዮ አስነገሩ፣ የአበሻ ሱቆች በር ላይም ወረቀት አስለጠፉ፤ የብርጌዱ አባላት ቤተሰቦች ፎቶና ስም እንዲያመጡ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ ሴፕቴምበር ወር ላይ ነው። አንድ እሁድ አንዲት ወጣት የነርሲንግ ሆም የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ሰርክአዲስ እባላለሁ አለች። ሰርክአዲስ ማን ስትባል «በፈቃዱ፤ ሰርክአዲስ በፈቃዱ ፀሐዩ» አለች።

ተራ ቁጥር ስድሳ ሦስት። ምክትል አሥር አለቃ በፈቃዱ ፀሐዩ።

እንግዲህ ሰው ይህን ሲሰማ ደረቱን ይይዛል፣ ላብ ያጠምቀዋል ይባላል። እኔ ተነስቼ ወንበር አመጣሁላት። ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች፤ እጥፋቱ ላይ የተበጣጠሰ፣ የቀበሌ ማኅተም ያለበት። ምክትል አሥር አለቃ በፈቃዱ ፀሐዩ ሰኔ ሁለት ቀን ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከጦር ክፍሉ የከዳ መሆኑ ለቤተሰቡ እንዲነገር ይላል። ሻለቃ አነበቡትና የተከበረ ድምፃቸውን አወጡ፤ እንደ አባት አዝናለሁ፣ ነገር ግን የከዳ ሰው መጽሐፉ ውስጥ ማስገባት ለተሰዉት አይሆንም አሏት።

ልጅቱ ግን ስሙን አስገቡልኝ አላለችም። «እኔ የመጣሁት የት እንደሄደ የሚያውቅ ካለ ልጠይቅ ነው» አለች። አብረውት የጠፉት እነማን ናቸው? ወደ ሱዳን ነው የሄዱት? አንድ እንኳ ከነሱ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው የለም? ከዚያ የእናቷን ነገር ነገረችን። እናቷ ወይዘሮ ካሰች ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ እሷ በዲቪ ገብታ ዜግነት ስታገኝ ነው ያመጣቻቸው። የቪዛውን ፎርም ሲሞሉ «ባል የሞተባት» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ ሲሏቸው እምቢ ብለው፣ ባሌ አለ፣ የት እንዳለ ነው የማላውቀው ብለው ጉዳዩ ስምንት ወር ተጓቷል። ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ጥቁር አልለበሱም፣ ሌላ ሰው አላገቡም። ሰፈርተኛው «የከዳ ሚስት» ሲላቸው ይስቁ ነበር አሉ፤ የከዳ ማለት ያለ ማለት ነው ብለው። አሁን ደግሞ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በር ላይ ቆመው በስድሳዎቹ ዕድሜ ያለ ወንድ ሁሉ ፊት ያያሉ።

«እኔ አባቴን አላውቀውም» አለች ሰርክአዲስ። «ቢሞትም ባይሞትም ለኔ ያው ነው። እሷ ግን ማረፍ አለባት።»

እኔ ካሰች የሚለውን ስም ከሷ በፊት አውቀው ነበር። በፈቃዱ ጽሕፈት ስለማይሆንለት ደብዳቤውን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ የሰው ጢም እየላጨ ይነግረኛል፤ የሻምበል ጦሩ ጸጉር አስተካካይ እሱ ነበር። «ይድረስ ለምወድሽ ለካሰች» ይላል፤ እጽፋለሁ። «ልጄን ሳሚልኝ» ይላል፤ እጽፋለሁ። «ጭኮ ላኪልኝ፣ የዚህ አገር ኮቾሮ፣ ይህ ደረቅ ብስኩት፣ ጥርሴን ጨረሰው» ይላል፤ ይስቃል። ጭኮው አንድ ጊዜ ደርሶናል፤ አብረን ነው የበላነው።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። እኔ ማስጌጥ አልችልበትም።

ሚያዝያ ሃያ አምስት ቀን አንድ ተራራ ያዙ ተባልን፤ ጠዋት ያዝነው፣ ከሰዓት ለቀቅነው። ስንወርድ አሥራ ዘጠኝ ሰው እዚያው ቀረ። በፈቃዱ ከኔ ሦስት እርምጃ ላይ፣ አንድ የድንጋይ እርከን ሊዘል ሲል አንገቱን ተመታ። አስደግፌ አስቀመጥኩት። ምንም አላለም፤ ሰው ሊሞት ሲል ይናገራል የሚባለው ለሁሉም አይሠራም። ካፖርቱን ከላይ አልብሼው ወረድኩ።

ያን ዕለት ማታ የቀኑን ሪፖርት ልጽፍ ስል ያኔ ሻምበል የነበሩት ወንድሜነህ ደብተሩ ላይ እጃቸውን ጫኑ። «ለጊዜው አትቀንስ» አሉ። ምክንያቱም የስንቅ መኪናው በአራት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው፤ የሚመጣውም ግማሽ ነው። ዘጠና አምስት ሰው ዘጠና አምስት ተብሎ ከተጻፈ በዚያ ግማሽ አይከርምም። መቶ አሥራ አራት ተብሎ ከተጻፈ ግን ትንሽ ይተነፍሳል። እናም ጠዋት ጠዋት የሞተውን ስም እጠራለሁ፣ አጠገቡ የነበረው ሰው «አቤት» ይላል፣ እኔ «ሙሉ ነው» ብዬ እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንዳንዱ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሳምንቱ ማንም አይንቀጠቀጥም። የሞቱት ድርሻ ለየጓዳቸው ይከፋፈላል፤ የበፈቃዱ ድርሻ ለኔ ነበር የደረሰው። ኮቾሮ፣ አንድ እፍኝ ሽምብራ፣ ሲገኝ በሶ። በላሁት። ይጣፍጥ ነበር፤ ምን ልዋሽ?

እንዲህ እያልን ሠላሳ ስምንት ቀን ቆየን። ሰኔ ሁለት ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ነገ ከበላይ ሰው ቆጣሪ ይመጣል የሚል ሬዲዮ ደረሰ። በራሱ እየዞረ ነው የሚቆጥረው፤ ስም ሳይሆን ጭንቅላት። አሥራ ዘጠኝ ጭንቅላት ከየት ይመጣል? ሞተዋል ብለን እንዳንጽፍ ቀንና የሁለት ምስክር ፊርማ ይጠየቃል፤ ቀኑ ከተጻፈ ደግሞ ለሞተ ሰው ሠላሳ ስምንት ቀን ቀለብ አውጥታችኋል ተብሎ ሻምበሉ ሰው ፊት ይረሸናል። «ከዳ» ለማለት ግን ምስክር አያስፈልግም። የከዳ ሰው ትናንት ነበረ፣ ዛሬ የለም፤ ቁጥሩም ቀለቡም ልክ ይመጣል። ሻምበል «ጻፍ» አሉኝ። ቀይ ቀለም ነበረኝ፣ ጻፍኩ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ፤ ከዳ፣ ከዳ፣ ከዳ። ተራ ቁጥር ስድሳ ሦስት ጋ ስደርስ እጄ አልቆመም። በኋላ እናስተካክለዋለን ተባብለን ነበር። በዓመቱ አገሩም መንግሥቱም ተገለባበጠ፤ ማን ዘንድ ሄደን እናስተካክል?

እንግዲህ ያን እሁድ ልጅቱ ከሄደች በኋላ ሻለቃ እስከ ጣቢያው በመኪናቸው አደረሱኝ። ፌንተን ስትሪት ጋ መብራት ያዘን።

«ምን ልትናገር አስበሃል?» አሉኝ፣ ወደ መብራቱ እያዩ።

ምንም አላሰብኩም አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር። ያኔ በዚያ ቀለብ ዘጠና አምስት ሰው ተርፏል አሉኝ። የሞተ ሞቷል፤ ሴትዮዋ በተስፋ ቆመው ይሄዳሉ፤ ያን መንቀል ጽድቅ ነው? በዚህ ዕድሜያቸው ባላቸውን ልትገድልባቸው ነው? ነገሩ ሐሰት የለበትም፤ እኔም ለብዙ ዓመት ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። አረንጓዴ በራ። ሻለቃ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሳጥኔ ውስጥ እንዳለሁ ሰርክአዲስ ኮል አደረገችኝ፤ እሁድ ስትወጣ የአባቷ ጦር ሰው መሆኔን ነግሬያት ስልኬን ወስዳ ነበር። ድምፅዋ ሌላ ሆኗል፤ ስታወራ ትስቃለች። ሻለቃ ደውለው ሚኒሶታ ውስጥ በፈቃዱ የሚባል የድሮ ወታደር አለ ሲባል ሰምቻለሁ ብለዋታል። እናቷ ይህን ከሰሙ ጀምሮ አልተኙም። ቅዳሜ ጠዋት ለሁለቱም ቲኬት ተቆርጧል፤ ከነርሲንግ ሆሙም ፈቃድ ወስዳለች። እርስዎ በመልክ ያውቁታልና ምልክት ካለው ይንገሩኝ፣ ስናየው እንዳንስት አለችኝ።

አንድ ነጭ መኪና መጥቶ ጡሩምባ ይነፋል። ትኬቱን ተቀብዬ በሩን ከፈትኩለት።

ሻለቃ የሰሙት ነገር አልነበረም፤ መሞቱን ያውቃሉ፤ ልጅቱን ከደጃቸው ለማራቅ ያሏት ነው። በፈቃዱ የሚባል ሰው መቼም ሚኒሶታም ይጠፋል? ይኖራል። ወይዘሮ ካሰች ሄደው የሌላ ሰው በር ያንኳኳሉ፣ የሌላ ሰው ፊት ያያሉ፣ ተመልሰው መጥተው ደግሞ የሚቀጥለውን ስቴት ይጠይቃሉ። እንግዲህ ሃያ አራት ዓመት ምንም ሳይሰማኝ የኖርኩ ሰው ለምን በዚህ እንደተናደድኩ አላውቅም። ተናደድኩ ግን። እኔ የጻፍኩት ውሸት አንድ ቃል ነበር፤ ጭራሽ ቲኬት ይቆረጥለት?

«ምልክቱን ሐሙስ መጥቼ ልንገራችሁ» አልኳት።

ሐሙስ ከሰዓት ሄድኩ። ሰርክአዲስ ያለችበት አፓርትመንት ከሻለቃ ብዙ አይርቅም፤ ወደ ታኮማ ፓርክ መውረጃ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። በሩ ሲከፈት የእርሾና የቅቤ ሽታ ወጣ። ወይዘሮ ካሰች አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ አጣፍተው ቆመዋል፤ ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው፣ ግን ያን ቀን እንደ ሙሽራ ነበሩ። ወለሉ ላይ ሻንጣ ተከፍቶ ተቀምጧል። ውስጡ አንድ የወንድ ኮት አለ፣ ከአዲስ አበባ አብሮ የመጣ። ጠረጴዛው ላይ በኮባ ፋንታ በወረቀት የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በጣሳ ጭኮ። ስንቅ ነው። የሚሄዱት ባላቸው ዘንድ ነዋ።

«እርስዎ ነዎት ደብዳቤውን የሚጽፉለት?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። በፈቃዱ ደብዳቤው ላይ «ይህን የሚጽፍልሽ ፍሰሐ ነው፣ ሰላም በይው» አስብሎኝ ነበር ለካ። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሳቸው አልረሱም።

አዎ አልኳቸው። ከዚያ ቆሜ፣ ሪፖርት እንደማቀርብ ሆኜ ነገርኳቸው። ሌላ አነጋገር አልነበረኝም። ቀኑን፣ ተራራውን፣ እርከኑን፣ አንገቱን፣ ካፖርቱን ነገርኳቸው። ሚኒሶታ ያለው ሌላ ሰው ነው አልኳቸው። የተጻፈውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያዘዙት ሻለቃ ናቸው፣ ስለ ቀለቡ ነው አልኳቸው። ደብዳቤውም ያ ቃልም ከአንድ እጅ የወጣ ነው አልኩ። ሰርክአዲስ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ አላውቀውም ያለችውን አባት ሰከንድ ሳይሞላ አለቀሰችው። እናቷ አላለቀሱም። እጃቸው ላይ የነበረውን የጭኮ ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ተቀብሯል?»

«አልቀበርነውም እትዬ። ጊዜ አልነበረም።»

«ብቻውን ነው የቀረው?»

«አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።»

ታች መንገድ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሄደ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ቀለቡን ማን በላው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ቀን?»

«ሠላሳ ስምንት።»

የጣታቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። ከሚያዝያ ሃያ አምስት ጀምረው ግንቦትን አልፈው ሰኔ ሁለት ላይ ቆሙ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ።

«አርባ አልሞላም» አሉ።

ያኔ ገባኝ። አርባ የተዝካር ቀን ነው። እኛ አገር ለሞተ ሰው በአርባኛው ቀን በስሙ ምግብ ይወጣል፣ ሰው በስሙ ይበላል፣ ነፍሱን ይማር ይላል። በፈቃዱ አለ ሲባል ስለኖረ ማንም በስሙ አንድ ቁራሽ አላወጣለትም። ከኔ በቀር በስሙ የበላለት የለም።

ወይዘሮ ካሰች ቢላዋ አምጥተው ድፎውን ቆረሱ። ለባላቸው የጋገሩትን። ትልቁን ቁራሽ ሳህን ላይ አድርገው፣ ከጎኑ ጭኮውን በማንኪያ ጨምረው ፊቴ አኖሩት።

«ስማኝ» አሉኝ፤ አንቱታው ቀርቶ ነበር። «ይቅር አልልህም። ሃያ አራት ዓመት የሰው ፊት አሳይተኸኛል፤ እሱን ለእግዜር ትቼዋለሁ። የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው። ተዝካሩን ጀምረህ ሁለት ቀን አጉድለህበታል። ዛሬ ብላ። ነገም ትመጣለህ።»

በላሁ። ዳቦው ጥቁር አዝሙድ ነበረበት። ሁለቱም እያዩኝ ሳህኑን ጨረስኩ። ስወጣ ሰርክአዲስ ሻንጣው ውስጥ ያለውን ኮት አውጥታ እየጠቀለለች ነበር።

ባቡር ውስጥ ሆኜ ለይስሐቅ ደወልኩና አሥራ ዘጠኙን ስም አስጻፍኩት፤ የተሰዉበትን ቀን ሚያዝያ ሃያ አምስት በል አልኩት። ከዚያ ለሻለቃ ደወልኩ። «የት ነህ?» አሉ እንደልማዳቸው። ካሰች ቤት ነበርኩ፣ ነገርኳቸው አልኩ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«ተራ ቁጥራቸውን አትሳት» ብለው ዘጉት።

ዓርብ ሺፍቴን ከአንድ ልጅ ጋር ተለዋውጬ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ወይዘሮ ካሰች ራሳቸው ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል፣ ጸጉራቸው በጥቁር ሻሽ ተጠፍሯል። ሌሊቱን እንዳለቀሱ ዓይናቸው ይናገራል። ዓርብ ጾም ስለሆነ ጭኮው አልቀረበም፤ የጾም ዳቦ በድጋሚ ጋግረዋል፣ ሽሮም አለ። ሁለት የጎረቤት ሴቶች ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰርክአዲስ ከሥራ ቀርታለች። እጄን ታጠብኩና «ነፍሱን ይማር» ብዬ ጀመርኩ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ከአጠገቤ አልራቁም።

«ሞላ?» አሉኝ።

በዚያ ደብተር ላይ ሠላሳ ስምንት ጊዜ «ሙሉ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። አንዱም እውነት አልነበረም።

«ሞላ እትዬ» አልኳቸው።

ሳህኑን አንስተው ወደ ኩሽና ሄዱ፤ ውኃ ሲወርድ ይሰማኛል። እዚያው ተቀምጬ በፈቃዱ ናፈቀኝ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።